ተጋጣሚ የሌላት ሻምፒዮን

በሴቶች ካራቴ ከባድ ሚዛን ለዓመታት ተሸንፌ አላውቅም። አሸንፌም አላውቅም፤ እሱ ግን ምስክር ወረቀቱ ላይ አይጻፍም። ስሜ ሲጠራ ምንጣፉ ላይ እወጣለሁ፣ ለባዶው ወገን እጅ እነሳለሁ፣ ዳኛው ለወጉ ያህል ተጋጣሚዬን ጥቂት ይጠብቅና እጄን ወደ ላይ ያነሳል። እናቴ ታጨበጭባለች። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተደረደሩትን ሜዳሊያዎች ያየ ሰው መንደር የፈጀሁ ይመስለዋል።

ነገሩ ያለው ሚዛኑ ላይ ነው። በእኛ ፌዴሬሽን ወግ የውድድሩ ዋዜማ አዳራሹ መሀል ሚዛን ይቀመጥና የእያንዳንዷ ኪሎ በድምፅ ማጉያ ይለፈፋል። ትንሽ የወፈረች ሁሉ ሳምንት ሙሉ ውሃ ብቻ እየጠጣች ወደ መካከለኛ ትወርዳለች እንጂ ስሟ «ከባድ» ከሚለው ቃል ጋር እንዲጠራ አትፈቅድም። እኔ ብቻ ቀረሁ። አሰልጣኜ «ድፍረትሽን አደንቃለሁ» ይለኛል። ሊል የፈለገው ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ።

ዘንድሮ ፌዴሬሽኑ ነቃ። ሁለት ተወዳዳሪ ያልተገኘበት ምድብ ይሰረዛል፣ ያሸነፈችው ደግሞ ውጭ አገር ሄዳ ትወዳደራለች ተባለ። የልዑካን ቡድኑ አስቀድሞ ተመርጦ አልቋል፦ ፕሬዚዳንቱ፣ ምክትላቸው፣ እንዲሁም በሐኪምነት የምክትላቸው ወንድም፣ ጎማ ጠጋኙ። የጎደለው አንድ ስፖርተኛ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ መጮህ ጀምሯል። ይህ ካመለጠኝ አንድ ጊዜ እንኳ ከሰው ጋር ሳልጋጠም ሻምፒዮን እንደሆንኩ መሰናበቴ ነው።

ስለዚህ ዓይኔን በጨው አጥቤ ታናሽ እህቴ ዘንድ ሄድኩ። የምትሠራው ዳቦ ቤት ነው፤ የዱቄት ጆንያ እንደ ትራስ ብድግ ታደርጋለች። ከክንዷ ላይ ሊጥ እየፋቀች ሰማችኝ።

«ምንድነው የማደርገው?»

«መቆም።»

«መቆም ብቻ?»

«ከዚያ መሸነፍ።»

«እሱንማ ካንቺ በታች ተወልጄ ስለማመደው ነው የኖርኩት፣ እታለም» አለች።

አቋቋም ብቻ አሳይቼ ልተዋት ነበር ሐሳቤ። አላስቻለኝም፤ የተጣመመ ቡጢ ሳይ ያመኛል። እጇን አስተካከልኩ፣ ቀጥሎ እግሯን፣ ቀጥሎ ወገቧን። ከሥራ ስትወጣ የዳቦ ቤቱ መጋዘን ውስጥ ጆንያውን ወደ ጥግ እየገፋን ተለማመድን። ግራ እጅሽ ከአገጭሽ አይውረድ እያልኩ አደነቆርኳት። ሌላው ትልቁ ሕግ ሰው አለመምታት ነው። በእኛ ውድድር ቡጢው ፊት ድረስ ተወርውሮ ቆዳው ጋ መቆም አለበት፤ ነጥብ የሚያገኘው የቆመው ነው፣ አጥንት ያገኘ ይባረራል።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ድካም ለምንድነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የወረደ ግራ እጇን ወደ አገጯ መለስኩላት።

ዋዜማው ላይ ኪሎዋ በማጉያ ሲለፈፍ «ክንዴ ላይ ያለውን ዱቄት ቀንሱልኝ» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

በማግስቱ እናታችን ከፊት ረድፍ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ለማናችን እንደምታጨበጭብ ሲጨንቃት ሰንብታ ለዳኛው ልታጨበጭብ ወስናለች። እኔ ቀይ፣ እህቴ ሰማያዊ ቀበቶ ታጥቀን ተያየን። ለዓመታት ባዶ ሆኖ ያየሁት ቦታ ላይ ሰው ቆሞ ይተነፍሳል። ደስታው ዓይኔን በእንባ ሞላው፤ እንባዬን ስጠርግ የመጀመሪያውን ነጥብ ወሰደች። መለስኩ። ደገመችኝ። እንደገና መለስኩ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል እኩል ነበርን፣ የሚቀጥለውን ነጥብ ያገኘች ትሄዳለች። እኔ ትንፋሼ ተቆራርጧል፣ እሷ ገና ሊጥ ማቡካት የጀመረች ነው የምትመስለው።

ያን ጊዜ ግራ እጇን አወረደች። ደክሟት አይደለም። ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ቀስ ብላ፣ ለእንግዳ በር እንደሚከፍት ሰው አወረደችው።

ደሜ ፈላ። በሕይወቴ ያገኘሁትን አንድ ግጥሚያ በምጽዋት ልትሰጠኝ ነው። ቡጢዬን ወረወርኩት፣ አላቆምኩትምም። አፍንጫዋን ሲያገኘው ድምፁ የኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ።

ዳኛው ከምንጣፉ አባረረኝ። እህቴ ሁለቱንም የአፍንጫዋን ቀዳዳ በጥጥ ወትፋ ሻምፒዮን ሆነች። ጎማ ጠጋኙ ጥጡን በማቀበል የሕክምና ሥራውን በይፋ ጀመረ። እናቴ አንዴ ማጨብጨብ ስለጀመረች ማቆሙ ጠፍቷት ነበር።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«ሰጥቼሽ ነበር እኮ» አለች በጥጡ ውስጥ።

«ለዚያ ነው የመታሁሽ።»

ቀበቶዋን ፈታች። «እዚያ የምገጥማቸው አያውቁኝም። እፈራለሁ።»

«ግራ እጅሽን አታውርጂ። ነገ ከሥራ ስትወጪ መጋዘኑ ጋ እጠብቅሻለሁ።»

«አንቺ አትሄጂም፤ ምን ያደክምሻል?»

«ያለ ተጋጣሚ ሻምፒዮን መሆን ምን እንደሚመስል እኔን ጠይቂኝ» አልኩ።

አንዱን ጥጥ አውጥታ አየችውና መልሳ ወተፈችው።

«ጆንያውን ግን አንቺ ነሽ የምትገፊው» አለች።