የሦስተኛው ፎቅ መቀመጫ

ባሌ ዮሺኖቡ አርባ ዓመት ባቡር ላይ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ያልተስተካከለ ነገር ካየ እጁ አያርፍም። በዚህ አመሉ የተነሳ ሜዳ ላይ ልንቀር ነበር።

የተከራየነው ቤት ሊፈርስ ስለሆነ በአምስት ወር ውስጥ ልቀቁ ተባልን። ስልሳ አምስት ላለፈው ሰው ደግሞ ማንም ደስ ብሎት አያከራይም፤ ቤቴ ውስጥ ይሞትብኛል ብሎ ይፈራል። የቀረን አሮጌ ኮንዶሚኒየም መግዛት ነው። አሥራ አራት ቤት አይተን አንዱ ሲሸተን፣ አንዱ ሲጨልምብን፣ አሥራ አምስተኛው ላይ ደረስን። ከከተማው ዳር፣ ታማ ኮረብታ ላይ ያለ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ነው። ዮሺኖቡ በረንዳው ላይ ወጥቶ በሠራበት መስመር ላይ ባቡር ከታች ሲያልፍ አይቶ ሰዓቱን ተመለከተና «አርባ ሰከንድ ዘግይቷል» አለ። ቤቱን እንደወደደው ያኔ ገባኝ። እኔም ወድጄዋለሁ።

ሻጯ ወይዘሮ ኡካይ የሰማንያ አራት ዓመት ባልቴት ናቸው። ደረጃው ከብዷቸው ነው የሚሸጡት። ፊርማው ከወር በኋላ ለሚውል ቅዳሜ ተቀጠረና ደላላችን ኒሺዋኪ እንደተለመደው የነዋሪዎች ማኅበሩን ቃለ ጉባኤ አመጣልን። ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ፣ ቧንቧው መቼ እንደተቀየረ የሚታወቀው ከዚያ ነው። ሌላው ሰው የሁለት ዓመቱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ይመልሳል። የኔው ጉድ ግን የሃያ ዓመቱን አስመጥቶ እርሳስ ይዞ ተቀመጠ።

ማታ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ወይዘሮ ኡካይ ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ማረፊያ ወንበር ይቀመጥልኝ ብለው ጠይቀዋል። ዘጠኝ ጊዜም፣ እሳት ቢነሳ መተላለፊያው ክፍት መሆን አለበት ተብለው ተመልሰዋል።

«ባቡር ላይ ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ መቀመጫ አለ እኮ» አለኝ። «ስትነሺ ራሱ ይታጠፋል።»

«መጀመሪያ ቤቱን እንግዛ፣ ከዚያ እንደፈለግህ።»

መቼ ሰማኝ። በሚሊሜትር ለክቶ ሥዕሉን ነድፎ ለማኅበሩ ላከ። ዘጠኝ ዓመት የአሮጊት ልመና ያላራራቸው ሰዎች ለሚሊሜትር ተሸነፉ። በአንድ ስብሰባ ፈቀዱ፣ ወዲያውም አስገጠሙ።

ለፊርማው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ፣ ኒሺዋኪ ደወለ። ድምፁ ቀዝቅዟል። ወይዘሮ ኡካይ መቀመጫው ላይ አረፍ እያሉ ሲወጡ ደረጃው ቀለላቸው፤ መሸጡን ትተውታል።

ሁለት ቀን ሩዙን ከፊቱ አስቀምጬ እኔ ጓዳ በላሁ። በሦስተኛው ቀን፣ አሁን የት ልትወስደኝ ነው አልኩት። የሚበላበትን የእንጨት ቾፕስቲክ አስቀመጠ።

«እሱን አላውቅም» አለ። «ግን ሱሚኤ፣ አንቺ በሰማንያ አራት ዓመትሽ በደረጃ ምክንያት ከቤትሽ ስትወጪ ታየኝ።»

ቾፕስቲኩን አንስቼ እጁ ላይ መለስኩለት። ንዴቴም አብሮ ሄደ፤ ፍርሃቴ ግን አልሄደም።

በሳምንቱ ወይዘሮ ኡካይ ራሳቸው ደወሉ። መቀመጫው ላይ አረፍ ባሉበት የሦስተኛው ፎቅ ጎረቤታቸው አቶ ኖጊ በሩን ከፍተው ወጡ። ሃያ ዓመት ከሰላምታ አልፈው አያውቁም፤ ያን ቀን ሲያወሩ አቶ ኖጊ ያመጡላቸው ሻይ ቀዘቀዘ። ሰውዬው ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው፣ ቤቱን እንደሚሸጡ ለማንም ገና አልተናገሩም።

«ይዤላችኋለሁ» አሉኝ። «ቶሎ ኑ።»

ገዛነው። ወረቀቱን ኒሺዋኪ ስለጨረሰልን እሱም ኮሚሽኑን አላጣም። እንደ ወጉ አዲስ ገቢ ለጎረቤት የሚሰጠውን ፎጣ ይዘን ልንተዋወቅ ስንዞር ሁሉም ባለመቀመጫው መጣ ይሉ ጀመር፤ በዓመቱ የማኅበሩ ሊቀመንበር አድርገውት አረፉ። ከእኛ በረንዳ ሐዲዱን ዛፍ ይከልለዋል። ስለዚህ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሰዓቱን ይዞ ወይዘሮ ኡካይ ዘንድ ይወጣል፣ ባቡሩን ቆጣጥሮ ይመለሳል።

ትናንት ሲቆይብኝ በሩን ከፈትኩ። መቀመጫው ላይ ጉልበቱን እያሻሸ አገኘሁት።

«ደከመህ እንዴ?»

«ኧረ፣ ጥንካሬውን እየፈተሽኩ ነው።»

አስነሳሁትና እኔም ልፈትሸው ተቀመጥኩ።