ዘውዱን ሲያወልቅ

አክስቴ በሰፈራችን ሲኒማ ቤት የፊልም ድምፅ ናት። የውጭ ፊልም ሲታይ ከስክሪኑ ጎን ማይክ ይዛ ትቀመጥና የወንዱንም፣ የሴቱንም፣ የፈረሱንም ንግግር በአማርኛ ትለዋለች። ፈረስ አይናገርም ካላችሁ እሷን አታውቋትም። ሰዉ "ሬዲዮ" ይላታል። የሚመጣውም ለፊልሙ ሳይሆን እሷ ጣል ለምታደርገው ቀልድ ነው።

ባለ ሲኒማው ግን ትርጉሙን በጽሑፍ የሚያወጣ ማሽን ሊገዛ አስቧል። "በሬዲዮ አፍ ንጉሡም ሌባውም አንድ ሆነብኝ" ይላል። ቅዳሜ ከሰዓት የሚያሳየው በጥቁርና ነጭ የተሠራ፣ ከድሮ የእንግሊዝ የነገሥታት ተውኔት አንድ ቃል ያልቀነሰ ፊልም ነው። እሱን በወጉ ከተወጣችው ትቆያለች፤ ካልተወጣችው ማሽኑ ይገባል። ትርጉሙን የሠራሁት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ይህንኑ ነው።

ልምምድ ላይ ተጣላን።

"አክስቴ፣ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ።"

"እሺ እናቴ። እዚህ ጋ ንጉሡ ዘውዱን አውልቆ ዝም ብሎ ያየዋል። ምን ልበል?"

"ምንም።"

"ምንም? እኔ ዝም ካልኩ እኮ ሰዉ መብራት የጠፋ ነው የሚመስለው!"

"ይምሰለው።"

"አንቺ ልጅ፣ ጉሮሮዬን ልትዘጊው ነው" አለችና ወረቀቱን ነጠቀችኝ።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። እኔ ገጽ ልገልጥላት አጠገቧ ተቀመጥኩ። አክስቴ ንጉሡን ረጋ ባለ ድምፅ ጀመረችው። ቀልድ የለ፣ ፉጨት የለ። ብዙም ሳይቆይ ከኋላ አንዱ ጮኸ።

"እትዬ ሬዲዮ፣ ባትሪ ጨረሽ እንዴ?"

"ተዋት፣ ጉንፋን ይዟት ነው!" አለ ሌላው። አዳራሹ ሳቀ። እሷ ቀና ብላም አላየች። ባለ ሲኒማው እጁን አጣምሮ በሩ ጋ ቆሟል።

ከዚያ ያ የፈራነው ቦታ ደረሰ። መንበሩን ሊነጥቁት መኳንንቱ ከበውት፣ ንጉሡ ዘውዱን ከራሱ ላይ አወለቀ። ያዘው። አየው። አይናገርም። አክስቴም አትናገርም። ወንበሮች ተንቋቁ፤ ከመሃል ሦስት አራት ሰው ተነሣ።

"ተኛሽ እንዴ እትዬ?"

ባለ ሲኒማው አንገቱን አስግጎ ወደ እኛ አየ። "ይምሰለው" ያልኩት እኔ፣ በላብ ተጠምቄ ክርኗን ጎሸም አደረግኋት።

"በቃ፣ የሆነ ነገር በይ!"

ማይኩን በመዳፏ ሸፈነችው።

"አፍሽን ዝጊ! ሰውዬው ዘውዱን እየሰጠ ነው።"

እንዲህ ተቆጥታኝ አታውቅም። የተነሡት ሰዎች ለመውጣት አንድ እግራቸውን እንዳነሡ ስክሪኑን ማየት ጀመሩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ፣ ወንበራቸውን እንኳ ሳያዩ ቁጭ አሉ። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የንጉሡ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። በመጨረሻ እሱ አፉን ሲከፍት አክስቴም ከፈተች። ድምፁ ሻካራና የደከመ ነበር። እኔ የጻፍኩት ያን ያህል ጥሩ አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር፣ እሷ ናት በእግሩ ያቆመችው።

መብራት ሲበራ ሰዉ እየተጋፋ ይወጣል፣ እየወጣም ይሟገታል።

"ምስኪን ንጉሥ! እንደዚያ ይቀልዱበት?"

"ምን ምስኪን ነው! ሲነግሥ ማንን ሰማ? የእጁን ነው ያገኘው!"

አክስቴ የማይኩን ገመድ እየጠቀለለች አኮረፈች። "አየሽልኝ? ስለ እኔ ያነሣ አንድ ሰው የለም።"

ባለ ሲኒማው መጣ። "ሬዲዮ፣ አንቺ መኖርሽን እኮ ረሳሁት።"

"ስድብ ነው ምርቃት?"

"ማሽኑን ትቼዋለሁ።"

"እንግዲያው ምርቃት ነው" አለችና ቦርሳዋን አነሣች።

ደጅ ላይ ሁለቱ ተሟጋቾች ንጉሡን ገና አልለቀቁትም። አንደኛው ሲያየን ተጣራ።

"እትዬ ሬዲዮ፣ አንቺ እስኪ ፍረጅን! ጥፋቱ የማን ነው?"

አክስቴ ነጠላ እንዳጣፋች እመቤት ኮራ ብላ በመካከላቸው አለፈች።

"እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እዚያ አልነበርኩም።"