የቦጋለች ጆንያ

ጣሊያን ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎ ነው። ደምሌ የሚባል የእርሻ ሚኒስቴር ሠራተኛ አርብ ገበያ ድረስ መጥቶ፣ “ጦርነት ያደቀቃት አገር የምትነሣው በአዲስ ዘርና በአዲስ ዘዴ ነው” እያለ ሰበከ። ሰው ሳቀበት። አንድ ጆንያ ምርጥ ስንዴ የተቀበለችው ባሏ የሞተባት ቦጋለች ብቻ ናት። ያላት አንድ ማሳ ነው፤ አምና አልሰጠም። ዘንድሮም ከከዳት ልጆቿን ይዛ ወገዳ፣ ወንድሟ ቤት ጥገኛ ልትሆን ነው።

እኔ የነፍስ አባቷ ነኝ። የንስሐ ልጆቼ እኔን ሳይጠይቁ ላም እንኳ አይሸጡም። እሷም ጆንያውን ተሸክማ መጣች።

“ምን ይሉኛል አባቴ፣ ልዝራው?”

“ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ እህል ነው፣ ልጄ። ለመባ እንኳ አይቀርብም። የአባትሽን ዘር ዝሪ።”

ያን ስል ከልቤ ነበር።

“እንግዲያስ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ፤ እኔ ቤት ካለ ይፈትነኛል” ብላ ትታው ሄደች።

በሳምንቱ ደምሌን መንገድ ላይ አግኝቼ ተከራከርኩት። ዋግ የሚሉት የስንዴ በሽታ እንደማይደፍረው፣ በሌላ አገር ሦስት እጥፍ እንደ ሰጠ አስረዳኝ። አመንኩት። የዘር ጊዜ ገና አላለፈም። የቦጋለች ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ስለሆነ ጠርቼ “ተሳስቻለሁ” ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ለቄስ ይህችን ቃል ከመናገር ድንጋይ መሸከም ይቀለዋል። ኩራቴ አልበቃ ብሎኝ ስስት ጨመርኩበት፤ ጆንያውን ፈትቼ ለማንም ሳልናገር በገዛ ማሳዬ ዘራሁት።

መስከረም ላይ ዋግ ወረደ። የአገሩ ስንዴ ሁሉ ተበላሸ፤ የቦጋለችም። የእኔ ብቻ ቆመ። ደምሌ ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ስለ ነበር የሚያጋልጠኝ አልነበረም። አውድማዬን ያየ ሁሉ “የቄሳችን ጸሎት ነው” አለ።  አፍሬ ነበር፤ እህሉን ግን በላሁት።

ታኅሣሥ ላይ ቦጋለች ልትሰናበተኝ መጣች። ልጆቿ ከተጫነችው አህያ ጋር ውጭ ቆመዋል። እግሬ ሥር ተንበረከከች።

“ኃጢአት አለብኝ አባቴ። የእርስዎን አውድማ አይቼ ቀናሁ። እግዜር እርስዎን ሰምቶ እኔን ለምን ጠላኝ ብዬ አማረርኩ። ቀኖና ይስጡኝ።”

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አፌንም ከፍቼ ነበር።

“ለሰባት ቀን አርባ አርባ ስገጂ” አልኳት። መስቀሌንም አሳለምኳት።