በሐሰት የተከሰሰው ኮምፒውተር

ግዑዝ ነገር በሰው ላይ ክፋት የለውም ብለው ያስተማሩን ሊቃውንት በዘመናቸው ልብስ ማጠቢያ ማሽን አልነበራቸው ይሆናል። ከብረትና ከመስታወት ተበጅቶ፣ በሰው ቤት በክብር ተቀምጦ፣ የሰውን መብራት እየጠጣ የሚኖረው ይህ ሁሉ መሣሪያ፣ ጌታው አጥብቆ የሚፈልገውን ቀን ጠብቆ የሚከዳ፣ የማይፈልገውን ቀን መርጦ የሚያገለግል፣ ልመና የማይሰማ፣ ስድብ የማያሳፍረው፣ ቡጢም የማያስተምረው ጽኑ ባላንጣ መሆኑን ከእኛ ዘመን ሰው የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ጥላቻችን ውስጥ አንድ የተሸሸገ ምቾት አለ፤ ይኸውም ባላንጣችን አንደበት የሌለው መሆኑ ነው። ተከሳሹ መናገር የማይችል ሲሆን ከሳሹ ምስክር አያስፈልገውም፤ ስለዚህም የሰው ልጅ የገዛ ስንፍናውንና የገዛ ጭካኔውን ተሸክሞ ሄዶ በዚያ ዲዳ ጫንቃ ላይ ያራግፍና እጁን ታጥቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚህ በታች የምንተርከው እንዲህ ያለ ክስ በቀረበበት በአንድ ኮምፒውተር ላይ የደረሰውን ግፍ፣ በእርሱም ምክንያት በሰው ላይ የደረሰውን ነው።

ወይዘሮ ሥምረት አድማሱ ዕድሜዋ አርባ ሦስት ዓመት የሆነ፣ ትምህርቷም ለሥራዋ የሚበቃ፣ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የነዋሪነት ማስረጃ በሚሰጥበት መስኮት አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጠች ሴት ነበረች። ይህች ሴት መሣሪያን ሁሉ በሙሉ ልቧ ትጠላ ነበር፤ መሣሪያውም ሁሉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይጠላት ነበር። የፎቁ የውኃ ፓምፕ ጩኸቱን እንጂ ውኃውን ወደ ሦስተኛው ደርብ አያወጣላትም፤ ማቀዝቀዣዋ ሥጋውን አግምቶ ሽንኩርቱን በረዶ ያደርጋል፤ በጥቅምት ወር በአንድ እሑድ ቀን ደግሞ ልብስ ማጠቢያ ማሽኗ የሥራ ልብሶቿን ሁሉ ከነአረፋቸው ውጦ፣ በሩን ቆልፎ፣ አንዲት ቀይ መብራት እያበራና እያጠፋ ቀጥ አለ። ለመነችው፤ ነቀለችው፤ መልሳ ሰካችው፤ በጉልበቷም ገፋችው፤ እርሱ ግን በመስታወቱ ውስጥ የልብሶቿን እጅጌ እያሳያት ዝም አለ። በማግሥቱ ሰኞ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ታክሲ አቀበቱ መካከል ላይ እንፋሎት ተፍቶ ስለቆመ፣ የቀረውን መንገድ በእግሯ፣ በጭቃ፣ በንዴትም ጨረሰችው። የማሽን ጠጋኙ በስልክ «ልክ በአራት ሰዓት ደጅሽ ላይ ነኝ፣ እትዬ» ብሏት ነበርና፣ ወደ መሥሪያ ቤት የገባችው ለመውጣት እያሰበች ነበር።

በዚያ መሥሪያ ቤት «ሲስተም» የሚባል ኃይል ነበረ። ይህም የወይዘሮ ሥምረትን ኮምፒውተር ከዋናው ቢሮ ጋር የሚያገናኘው መስመር ሲሆን፣ ሲኖር የሚያመሰግነው፣ ሲጠፋም የሚመረምረው አልነበረም። በየሳምንቱ በእውነት ይጠፋል፤ በጠፋም ጊዜ «ሲስተም የለም» የሚል በላስቲክ የተለበጠ ወረቀት በመስኮቱ ላይ ይሰቀላል፤ ወረቀቱ የታየ እንደሆነ የተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ እንደ ሰማይ ቁጣ ተቀብሎት፣ ጥቂት አጉረምርሞ ይበተናል። የጠፋው ከየት እንደሆነ፣ መቼም እንደሚመለስ የጠየቀ ሰው ስላልነበረ፣ ወረቀቱ ሲስተሙ በሌለበት ቀን ብቻ ሳይሆን የወይዘሮ ሥምረት ትዕግሥት በሌለበት ቀንም መሰቀል ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። እርሷም ይህን ሐሰት ብላ አታውቅም፤ ዕረፍት ትለዋለች።

በዚያ ሰኞ ለአራት ሰዓት ሩብ ሲጎድል፣ ኮምፒውተሩም ያለወትሮው ብሩህና ታዛዥ ሆኖ ሳለ፣ አቶ ድልነሳው ብሩ የተባሉ ሽማግሌ ከመስኮቱ ቀረቡ። እኒህ ሰው አርባ ዓመት የጭነት መኪና በበረሃና በአቀበት የነዱ፣ ፊታቸው በፀሐይ የጠቆረ፣ ንግግራቸውም የለዘበ ጡረተኛ ነበሩ።

«እንደምን አደርሽ ልጄ» አሉ። «ለባለቤቴ ለትርንጎ ነው። ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ ጋርዶባታል። ሆስፒታሉ ላይ የዓይን ሐኪሞች መጥተዋል፤ ምዝገባው ረቡዕ በስድስት ሰዓት ይዘጋል። የወረዳው ነዋሪ ናት የምትል ወረቀት ብቻ ናት የጎደለችኝ።»

«ሲስተም የለም፣ አባቴ» አለች ወይዘሮ ሥምረት፣ ቦርሳዋን ወደ ትከሻዋ እያነሣች። «ነገ ይሞክሩ።»

«ምን ነካው?»

«እኛ ምን እናውቃለን? እንዲሁ ይጠፋል።»

ሽማግሌው በሙያ ባልደረባ ርኅራኄ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መሣሪያ ሲባል እንደዚያ ነው። አይዞሽ።»

ወይዘሮ ሥምረት ወደ ቤቷ ሮጠች፤ ጠጋኙ ግን አልመጣም። ደውላ ብትጮኽበት «መኪናዬ ተበላሽታብኝ እኮ ነው፣ እትዬ» ስላላት፣ ስልኩን ዘግታ «ውሸታም! በመኪና ያሳብባል ደግሞ!» ስትል ባዶውን ግድግዳ ተሳደበች። ማክሰኞ ቀጠሮው ታደሰ፤ አቶ ድልነሳውም በዚያው ሰዓት ተመለሱ፤ የዚያን ጊዜም ሲስተሙ ነበረ፤ የዚያን ጊዜም ወረቀቱ ተሰቀለ። ሽማግሌው ሳይቆጡ «ትናንት ስለ አንቺ ለትርንጎ ነገርኳት። ‹ይህች ልጅ ከዚያ ብረት ጋር ስትታገል ትውላለች፣ ታሳዝናለች› አለችኝ» ብለዋት ሄዱ። ጠጋኙ በዚያ ቀን መጥቶ ማሽኑን ዙሪያውን አይቶ፣ ውስጡ የተቃጠለ ነገር እንዳለ ተናግሮ፣ በሩን እንደተቆለፈ ትቶት ወጣ። ረቡዕ ቀጠሮ አልነበራትም። የሚያስቸኩላት ጉዳይ፣ የሚያስከፋትም አዲስ ነገር አልነበረም። ሆኖም አቶ ድልነሳውን በሦስተኛው ቀን ከፊቷ ባየች ጊዜ ልሳኗ ሁለት ቀን የተመላለሰበትን መንገድ ለምዶ ስለነበረ፣ አሳቧ ሳይደርስበት ቀደመና «ሲስተም የለም» አለ። አንባቢ ሆይ፣ የመጀመሪያው ሐሰት ለጉዳይ፣ ሁለተኛው ለንዴት ነበር፤ ሦስተኛው ግን ለምንም አልነበረም፤ ከሁሉ የሚከፋውም እርሱ ነው።

አቶ ድልነሳው የግድግዳውን ሰዓት አዩ፤ ሦስት ሰዓት ከሃያ ነበር። ከኋላቸው ወደ አርባ የሚጠጋ ሰው ተሰልፏል። «እንግዲያው ፍቀጂልኝ ልጄ» ብለው ከመስኮቱ አጠገብ ያለውን የባንኮኒ መግቢያ አንሥተው በከዘራቸው እየተደገፉ ወደ ውስጥ ገቡ። «የመኪና ሞተር የሚያስነሣውን ሞተሪኖ ታውቂዋለሽ? ይተኛል። በረሃ መካከል ላይ ይተኛብሃል። አናቱን አንዴ ኳ አድርገህ ስትመታው ይነሣል። መምቻው ቦታ ነው ቁም ነገሩ።» ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር ያለውን የኮምፒውተሩን ጥቁር ሣጥን በጆሯቸው አደመጡት። የኮምፒውተሩ የፊት መስታወት ወደ ወይዘሮ ሥምረት ብቻ የዞረ ነበርና እየበራ መሆኑን ከእርሷ በቀር ያየ አልነበረም። በዚያች የአንድ ትንፋሽ ርዝመት ባላት ጊዜ «ይሠራል» የምትል አንዲት ቃል ሁሉን በመለሰች ነበር። ወይዘሮ ሥምረት ግን ሐሰቷ እንዳይገለጥ ፈርታ ዝም አለች። ሽማግሌው ያለ ቁጣ፣ እንደ አዋቂ ሰው ለክተው፣ በከዘራቸው የብረት እጀታ የሣጥኑን ጎን አንድ ጊዜ መቱት። መስታወቱ ተርገበገበ፤ ከሣጥኑ ውስጥ ጥርስ እንደማፋጨት ያለ ድምፅ ወጣ፤ ከዚያም ጸጥ አለ።

«ገደሉት!» አለ ከሰልፉ አንዱ።

«እኔ ልጄን ጎረቤት ጥዬ ጎሕ ሳይቀድ ነው የተሰለፍኩት!» ስትል ነጠላዋን ያደገደገች ሴት ጮኸች። «እኚህ ሰውዬ ምንድን ናቸው? መሐንዲስ ናቸው?»

«መሐንዲስማ በከዘራ አይሠራም!»

«ቆይ» አሉ አቶ ድልነሳው ግራ ተጋብተው፣ «ሲስተሙ የለም ብላ የለም እንዴ? የሌለ ነገር እንዴት ይሞታል?»

በዚያ ጊዜ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ክንፈ፣ በከረባታቸው የሚኮሩና ቃለ ጉባኤ መጻፍን ከምግብ የሚያስበልጡ ሰው፣ ከክፍላቸው ወጡ። ወዲያው ወደ ዋናው ቢሮ ደወሉ፤ ከዚያም መስመሩ ከጠዋት ጀምሮ እስከ ሦስት ሰዓት ከሃያ ድረስ ደኅና እንደነበረ ተነገራቸው። ጥበቃውን ጠርተው ሽማግሌውን አስቀመጡ፤ ፖሊስም አስጠሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ወይዘሮ ሥምረት ዞረው «እሳቸው ‹አይሠራም ብላኛለች› ነው የሚሉት። ብለዋቸዋል?» ሲሉ ጠየቁ።

«አላስታውስም» አለች።

አቶ ድልነሳው ቀና ብለው አዩዋት። አቶ ክንፈ ኮምፒውተሩ ስለሞተ ቃለ ጉባኤውን በእጃቸው፣ በጥሩ ቀለም፣ ሳይቸኩሉ ጻፉት፤ ክብ ማኅተሙንም አሳረፉበት፤ ጽፈው ሲጨርሱ ለስድስት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቀርቶ ነበርና፣ ፖሊሱ በር ላይ እንደቆመ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፤ «ተገልጋዩ በቁጣ ተነሣሥተው፣ በደኅና ይሠራ የነበረውን የመንግሥት ንብረት ሆን ብለው የሰበሩ መሆኑን፣ የዓይን ምስክር ወይዘሮ ሥምረት አድማሱ ...» ሽማግሌው ንባቡን አያዳምጡም ነበር፤ ዓይናቸው ከሰዓቱ አልተነቀለም። ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው «ትርንጎ ልብሷን ለብሳ በር ላይ ተቀምጣለች» አሉ። ይህች ቃል፣ አንባቢ ሆይ፣ ስድብ ብትሆን ኖሮ ወይዘሮ ሥምረት በተቋቋመቻት ነበር።

«በቁጣ አይደለም» አለች ድንገት፣ እንድትፈርምበት የተሰጣትን ብዕር አስቀምጣ። «ሊረዱኝ ብለው ነው። ሲስተም ነበረ። ሰኞ ነበረ፣ ማክሰኞ ነበረ፣ ዛሬም ነበረ። የለም ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

«እኔንስ?» አለች ያቺ ነጠላዋን ያደገደገች ሴት፣ ወደ መስኮቱ ተጠግታ። «ባለፈው ወር ሦስት ቀን ያመላለስሽኝ? ያን ጊዜስ ነበረ?» «በሰኔስ?» አለ ሌላው። «የእናቴን ማስረጃ የጠየቅኩ ቀን?» ሁሉም ቀኑን እየጠራ መጣ፤ ወይዘሮ ሥምረትም የትኛው ቀን እውነት፣ የትኛው ቀን ሐሰት እንደነበረ ልትለይ ብትሞክር አቃታት፤ የአሥራ አንድ ዓመት ቀኖቿ ሁሉ በአንድ ወረቀት ተሸፍነው አንድ ሆነውባታልና። ከዚያ ጩኸት መካከል ባዶ ወረቀት ስባ፣ ወይዘሮ ትርንጎ የወረዳው ነዋሪ መሆናቸውን በገዛ እጇ ጽፋ ለማኅተም ወደ አቶ ክንፈ ዘረጋች።

«በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ማኅተም አይደረግበትም» አሉ አቶ ክንፈ፣ በእጃቸው በጻፉት ቃለ ጉባኤ ላይ ያለው ማኅተም ገና ሳይደርቅ። «አሠራር አለ።»

ሰዓቱ ስድስት ሆነ። ፖሊሱ ክስ እንደሌለ አይቶ ሄደ። አቶ ድልነሳው ከዘራቸውን አንሥተው በመስኮቱ በኩል ሲያልፉ ቆም አሉ። «አርባ ዓመት ነዳሁ» አሉ። «በረሃ ላይ የጣለኝ ሞተር ብዙ ነው። ዋሽቶ የጣለኝ ግን አንድም አልነበረም።» ከዚያም ወጡ። ወይዘሮ ሥምረት በዚያ ቀን ከሥራ ታግዳ ወደ ቤቷ ስትመለስ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ማንም ሳይነካው በሩን ከፍቶ ጠበቃት፤ ልብሶቿ በገዛ ውኃቸው ሸትተው ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ ኮምፒውተር መጣ፤ እርሷም እገዳዋ ተነሥቶላት፣ ወደ መዝገብ ቤት ከመዛወሯ በፊት የመጀመሪያውን ደብዳቤ በወይዘሮ ትርንጎ ስም አትማ፣ አስፈርማ፣ ማኅተም አስደርጋ፣ አድራሻውን ከመዝገብ አውጥታ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄደች። ሐኪሞቹ ከሄዱ ሰንብተዋል፤ የሚመለሱትም ከዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያው በወይዘሮ ትርንጎ ዓይን ውስጥ የቀረችው ጭላንጭል ትቆይ አትቆይ እንደሆነ ማንም ሊነግራቸው አልቻለም። በሩን የከፈቱት አቶ ድልነሳው ናቸው። ከኋላቸው በዝቅተኛ ወንበር ላይ የተቀመጡት ባለቤታቸው፣ ፊታቸውን ብርሃኑ ወደገባበት አቅጣጫ መለሱ።

«ማን ነው ድልነሳው?»

ሽማግሌው ወይዘሮ ሥምረትን አዩ፤ በእጇ ያለውንም ወረቀት አዩ። «ማንም የለም» አሉ። «ነፋስ ነው።»

«ነፋስማ አልነካኝም» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ፣ እያመነቱ።

በዚህም ጊዜ «እኔ ነኝ» የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ወይዘሮ ሥምረት ግን ያችን ቃል ለመናገር መብቷን የወሰደባት የገዛ ሐሰቷ መሆኑን ታውቅ ነበርና ዝም አለች፤ ሽማግሌው ወረቀቱን ከእጇ ተቀበሏትና በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። መሣሪያ በሰው ላይ የሚያደርሰው በደል ኃይሉ ሲቋረጥ ያበቃል፤ ሰው በመሣሪያ አሳቦ የሚያደርሰው በደል ግን መሣሪያው ተጠግኖ፣ መብራቱ በርቶ፣ ሁሉ ነገር ደኅና መሥራት በጀመረበት ሰዓት ይጀምራል።