የተገላቢጦሽ ቀን

በእኛ ሰፈር ሰው መሞቱን መጀመሪያ የሚናገረው ነጠላ ነው። የእድሩ ጥሩንባ ከመነፋቱ በፊት አንዲት ሴት ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ስታልፍ ያየ ሰው የያዘውን ሥራ ይተዋል፤ ማን እንደሞተ የሚጠይቀው ከዚያ ወዲያ ነው። ቻይነሽ ይህን ስለምታውቅ ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ ነጠላዋን ስትለብስ ጥለቱ ከታች መሆኑን በእጇ ዳስሳ ሳታረጋግጥ ከቤት አትወጣም ነበር።

ቻይነሽ የወንድሜ የላቀው ሚስት ናት። ላቀው የአይሱዙ ሾፌር ነው። በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ከቡሬ በቆሎ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ መጨረሻ የደወለው ከደጀን ነበር፤ ዓባይ በረሃን ልወርድ ነው፣ ስሻገር እደውላለሁ ብሎ። አልደወለም። መንገዱ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ ኔትወርክ መጣ፣ መንገዱ ተከፈተ፤ የእሱ ስልክ ግን እንደተዘጋ ነው። አንዱ መኪናው ተቃጥሎ አየሁ ይላል፤ ሌላው የተቃጠለው የእሱ አይደለም ይላል። ዘመድም ጎረቤትም ቀስ በቀስ እርም ማውጣት ይሻላል ማለት ጀመረ። የቻይነሽ መልስ ግን አንድ ነው።

"ሬሳ ሳላይ፣ በዓይኑ ያየ ሰው ሳይነግረኝ፣ ነጠላዬን አልዘቀዝቅም።"

እኔ ከሃንጋሪ ተመልሼ እነሱ ቤት ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ስለ አፈር ተምሬ መጣሁ፤ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስለ አፈር የሚጠይቀኝ ሰው ሳጣ ቢሮ ተቀምጬ ሪፖርት እጽፋለሁ። ሻንጣዬን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አላራገፍኩትም። መምጣቴ ትክክል ይሁን ስህተት አላውቅም፤ እንደማላውቅ ቻይነሽም ታውቃለች፣ ግን አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

አምስት ዓመት የሞላት ልጃቸው አደይ ከአስፋልቱ ዳር ባለው አጸደ ሕፃናት ትማራለች። ባለቤቱ አቶ አንዷለም ግድግዳውን በአንበሳና በቀጭኔ አስጊጦ፣ በዚያ ጥር ደግሞ "የጨዋታ ሳምንት" የሚባል ነገር አመጣ። ሰኞ የባርኔጣ ቀን፣ ማክሰኞ የፒጃማ ቀን፣ ረቡዕ የተገላቢጦሽ ቀን፣ ሐሙስ የቢጫ ቀን። መልእክቱ በቴሌግራም ለወላጅ ሁሉ ደረሰ። በፒጃማው ቀን ከልጆቹ ግማሾቹ ጋቢ ለብሰው ሄዱ፤ የሚተኙት በእሱ ነዋ። አቶ አንዷለም እነዚያን ከኋላ አቁሞ ፒጃማ ያላቸውን ከፊት አሰልፎ ፎቶ አነሳቸው። ያን ፎቶ ሳየው ደሜ ፈላ። ቻይነሽ ግን ሳቀች። ከኅዳር ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ስለነበር ዝም አልኩ።

ረቡዕ ጠዋት አደይ የደንብ ልብሷን ገልብጣ ለበሰች፤ ስፌቱ ወደ ውጭ፣ ኪሱ ወደ ውስጥ። ብርድ ስለነበር ቻይነሽ ከራሷ አሮጌ ነጠላ ቆርጣ የዘመዘመችላትን ትንሽ ነጠላ ደረበችላት። ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ፣ በእጇ ዳስሳ። ከዚያ በርበሬ ልትገዛ ወደ ማንኩሳ ሄደች፤ ቤቱን የያዘችው በበርበሬ ንግድ ነው።

ትምህርት ቤት የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። አቶ አንዷለም ልጆቹን በከበሮና በፊሽካ በአስፋልቱ ሊያስኬድ፣ ከተማው እንዲያይለት፣ አሰለፋቸው። አደይ ታለቅሳለች። የገለበጠችው ልብስ በነጠላው ተሸፍኖ ማንም አላየላትም። ነጠላውን እንዳታወልቅ በርዷታል። ይሄኔ መምህርቷ ሠርክአዲስ ነጠላውን ገለበጠችላት፤ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዞረችው። ሠርክአዲስ የባሕር ማዶ ሰው አይደለችም። የደምበጫ ልጅ ናት፣ አባቷን ስትቀብር ነጠላዋን ዘቅዝቃ የከረመች። ግን የዚያን ቀን መርሐ ግብሩ ገልብጡ ይላል፤ ገለበጠች።

እንዲህ ሆና ነው የላቀው ልጅ፣ ከተማው ሁሉ አባቷ ሞተ አልሞተ እያለ ሲያወራባት የከረመችው ልጅ፣ በቀን ብርሃን ከመናኸሪያው እስከ ሰፈራችን ነጠላዋን ዘቅዝቃ የሄደችው።

እኔ ለምሳ ከቢሮ ስወጣ ሴቶች ወደ እኛ መንደር ሲጣደፉ አየሁ። አንዷ አቅፋኝ "እግዜር ያጥናሽ" አለችኝ። ማን ሞተ ብዬ አልጠየቅኩም። ማን ነገራችሁም አላልኩም። የማላውቀው ሰው ትከሻዬ ላይ ነጠላ ጣለብኝ፣ ጥለቱ አንገቴን ሲነካኝ "ወንድሜን" ብዬ ጮህኩ። እስከ ቤት ድረስ ደግፈው ወሰዱኝ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደ ዮሐንስ ወንዶቹን ይዘው ግቢያችን ውስጥ ድንኳን እያስተከሉ ነበር። እትዬ አስካለ ማርያም፣ የጎን ጎረቤታችን፣ ደረታቸውን እየመቱ የላቀውን ደግነት ይቆጥራሉ። እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ አለቀስኩ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። ወራት የታፈነ ነገር ወጣልኝ።

ቻይነሽ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ባጃጁ በር ላይ ቆመ፤ ሾፌሩ ማዳበሪያ ሙሉ በርበሬ ማውረድ ጀምሮ ድንኳኑን ሲያይ እጁ ላይ ቀረ። ሲያዩዋት ለቅሶው ነደደ። ራሷን እንዳትጥል ሁለት ሴቶች ሮጠው ክንዷን ያዙ። እሷ ግን አልወደቀችም። ፊቷ እንደ ሸክላ ደርቆ በየተራ አየችን።

"ማን ሞተ?" አለች።

አንዷ ሴት መርዶው አእምሮዋን ነካው መሰለኝ ብላ ስታንሾካሹክ ሰማሁ።

"ማን አየ? ማን ነገራችሁ?"

ጋሽ ወልደ ዮሐንስ ጉሮሯቸውን ጠርገው የተነገራቸው ከእትዬ አስካለ መሆኑን ገለጹ። እትዬ አስካለ ደግሞ ማንም እንዳልነገራቸው፣ ልጅቱን ግን ነጠላዋን ዘቅዝቃ በአስፋልት ስታልፍ በዓይናቸው እንዳዩ፣ ቤት መርዶ ሳይገባ ልጅ እንዲህ አትለብስም ብለው እንዳሰቡ ተናገሩ። የቀሩት ሁሉ ከእሳቸው ነው የሰሙት። ሁሉም ወደ እሳቸው ሲያይ እሳቸው መሬት መሬት አዩ።

አደይ ከቤት ወጣች። የልብሷ ስፌት ወደ ውጭ፣ ነጠላዋም እንደተዘቀዘቀ ነው፤ እጇ ላይ ዳቦ ይዛለች።

"መምህርት ሠርክአዲስ ናት የገለበጠችልኝ" አለች። "ዛሬ እኮ የተገላቢጦሽ ቀን ነው።"

ከወንዶቹ አንዱ ሳቅ አመለጠው፤ በሳል ሸፈነው።

ቻይነሽ ክንዷን ከሴቶቹ አስለቀቀች። ትንሿን ነጠላ ከልጇ ላይ ወሰደች፣ አራገፈች፣ አቃንታ መልሳ አለበሰቻት። ከዚያ ወደ እኔ መጣች። ከትከሻዬ ላይ የሰው ነጠላ አንስታ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ መለሰችው። እጇ ማንኩሳ ስትመርጠው የዋለችውን በርበሬ ይሸት ነበር። ዓይኔን ግን አላየችኝም።

ጋሽ ወልደ ዮሐንስ በለዘበ ድምፅ ድንኳን አንዴ ከቆመ ባዶውን አይፈርስም፣ ጥሩ አይደለም፣ ለዛሬ ብቻ ሰው ይቀመጥበት፣ ምናልባትም ይሄ ነገር ከላይ የመጣ ምልክት ይሆናል፣ ሲሉ አስረዷት። ቻይነሽ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ በአክብሮት፣ እስኪጨርሱ ሰማቻቸው።

"እንዳሉት ይሁን ጋሼ። ይቀመጡበት" አለች።

የበርበሬውን ማዳበሪያ ከበር ጎትታ አስገብታ ድንኳኑ መሃል አፈሰሰችው። ቀይ ክምር ሆነ፤ አቧራው ተነሳ። ሰፌድ አምጥታ በየሴቱ ጉልበት ላይ አስቀመጠች።

"ለሥራ የመጣ ይቀንጥስልኝ። ለለቅሶ የመጣም ይቀንጥስ፤ በርበሬው ያስለቅሰዋል።"

ከዚያ አንዷ አስነጠሳት፣ ሌላዋ አስነጠሳት፣ የለቅሶው ድንኳን በማስነጠስ ተሞላ። ጥቂቶች ሹልክ ብለው ወጡ። የቀሩት እንባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ እስከ ማታ ድረስ ቀነጠሱ። ጋሽ ወልደ ዮሐንስ ራሳቸው አንድ ሰፌድ ይዘው ነበር። እትዬ አስካለ ብቻ አንድ ፍሬ ሳይነኩ ተነሱ፤ እኔ አንዴ ያለቀስኩትን እንባ አልመልስም፣ እርሜን አውጥቻለሁ ብለው፣ ነጠላቸውን እንደዘቀዘቁ ወጡ።

እኔ ሌሎቹ ገና ሲቀነጥሱ ወደ አጸደ ሕፃናቱ ሄድኩ። ስሄድ እግሬ መሬት አልነካም። አቶ አንዷለም ቢሮው ውስጥ የሰልፉን ፎቶዎች እየመረጠ ነበር። ያልኩትን ሁሉ አላስታውስም፤ የጮህኩትን ግን ሠርክአዲስ ግቢው ውስጥ ቆማ ሰምታ አልቅሳለች። እሱ አልጮኸም። በጣም አዝኛለሁ አለ፣ ጨዋታ እኮ ነው አለ፣ በየትም አገር የሚሠራ ነገር ነው አለ። ከዚያ፣

"ሌላው ባይገባው አንች ውጭ የተማርሽ ሰው ይገባሻል ብዬ ነበር" አለኝ።

ይሄ ነው ያቃጠለኝ፣ ምክንያቱም ይገባኛል። ሃንጋሪ፣ ደብረጸን ከተማ እያለሁ የአከራዬን ልጅ በእንዲህ ያለ ቀን ከትምህርት ቤት አምጥቻታለሁ። ሹራቧን ገልብጣ በከተማው ሁሉ ስትሄድ የሳቀ እንጂ የደነገጠ ሰው አልነበረም፤ እዚያ የተገለበጠ ልብስ ምንም አይናገርም። አንዷለም ጨዋታውን ከስልክ አወረደው፣ ከተማውን ግን ረሳው። እናም የረሳው ያላየ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እዚሁ ተወልዶ፣ ነጠላ ሲዘቀዘቅ እያየ አድጎ ነው። ይሄን ሁሉ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ የሰማኝ መሰለኝ። ልወጣ ስል ግን በደግ ልብ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ነገ የቢጫ ቀን ስለሆነ ሐዘን ያለበት ቤት ልጅ አትገደድም፣ አደይ ብትቀርም ግድ የለም አለኝ።

በሩን እንዴት አድርጌ እንደዘጋሁት የአንበሳው ግድግዳ ይመስክር።

ቤት ስመለስ ሰው ተበትኗል። ቻይነሽ የተቀነጠሰውን ለብቻ፣ ግንጩን፣ ጭራውን፣ ለብቻ እያደረገች ነው። አደይን ከዚያ ትምህርት ቤት ዛሬውኑ አወጣታለሁ፣ ነገ እግሯ እዚያ አይረግጥም አልኳት። ስለ ሠርክአዲስ፣ ስለ አንዷለም፣ ስለ አስካለ፣ በደንቆሮ ስለተሞላው ከተማ የመጣልኝን ሁሉ አወረድኩ። እሷ ከሥራዋ ቀና አላለችም።

"ከትምህርት ቤት የሚቀረው አባቱ የሞተበት ልጅ ነው" አለች። "አደይ ትሄዳለች።"

"አንድ ከተማ ሙሉ ሰው አለቀሰብሽ እኮ፤ አትናደጅም?"

ይሄኔ ቀና አለች።

"አንችም አለቀስሽ፣ ያምሮት።"

እሷ ቀጠለች፤ ቃሏን እንደ በርበሬው አንድ በአንድ እየቀነጠሰች።

"እነሱ ልጅ አይተው ተሳሳቱ። አንች ምን አይተሽ ነው? እኔን አልጠበቅሽኝም። አንድ ሰው አልጠየቅሽም። የወንድምሽን ሞት አዘጋጅተሽ ቆይተሻል፣ የሚነግርሽ ሰው ብቻ ነበር የጎደለሽ።"

እየተናደድኩ ነበር፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ጠፋኝ። ቻይነሽ ተነሳች። እጇን ታጥባ ከሣጥን ውስጥ አንድ የአደይ ቢጫ ቀሚስ አወጣች፤ ላቀው ለእንቁጣጣሽ ከቡሬ የገዛላት ነው፣ በስሟ ቀለም ብሎ። አጥሯት ነበር። ቻይነሽ አምሽታ ጠርዙን ፈትታ አስረዘመችው፤ መርፌው ላይ ክር አስገቢልኝ ያለችው እኔን ነው። አስገባሁላት።

በማግስቱ ጠዋት የእድሩ ሰዎች መጥተው ድንኳኑን ነቀሉ። አደይ ቢጫ ቀሚስ፣ ቢጫ ካልሲ፣ ከጎረቤት የተዋስነው ቢጫ የፀጉር ማስያዣ። ብርዱ ስለነበር ነጠላዋ ከላይ፣ ጥለቱ ከታች። ቻይነሽ የምታደርሻት አንች ነሽ አለችኝ፤ ለምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ትናንት በዚያ መንገድ ሰው እየደገፈኝ፣ ወንድሜን እያልኩ የመጣሁት እኔ ነኝ።

በየበሩ የቆመው ሰው ቢጫውን ሲያይ ንግግሩን አቆመ። ሐዘን ያለበት ቤት ልጅ ቢጫ አትለብስም። ይሄን ለማንም ማስረዳት አላስፈለገንም፤ ቀሚሱ እያለፈ በየደጁ ይናገር ነበር። ያ የተረገመ የአቶ አንዷለም ጨዋታ ለእኛ ይሠራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ንዴቴ አልበረደም፣ ግን ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

እትዬ አስካለ ማርያም በራቸው ላይ ቆመዋል። ነጠላቸው እንደተዘቀዘቀ ነው። ደህና አደሩ አልኳቸው፤ የመለሱት በሹክሹክታ ነው። አደይ ቆማ ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው።

"እማማ አስካለ፣ የተገላቢጦሽ ቀን እኮ ትናንት ነበር" አለቻቸው። "ዛሬ ቢጫ ነው።"

የእትዬ አስካለ እጅ ወደ ትከሻቸው ሲሄድ አየሁ። አደይን ጎትቼ አለፍኩ። ያስተካክሉት አያስተካክሉት ለማየት ወደ ኋላ አልዞርኩም።