እማማ ፊት ያልተነበበው ቃል

የልጅ ልጃቸው የኮምፒውተሩን ቁልፎች ሚስማር እንደሚመታ ሰው ስትደበድብ ሲሰሙ አያትየው ልባቸው ድንግጥ አለ። ልጅቷ በአካል ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር በአንድ የበጎ ፈቃድ ማኅበር ሶፍትዌር ትሠራለች፤ የፈለገ ሰው ኮድ ይልካል፣ እሷ አይታ ታሳልፋለች ወይም ትመልሳለች። በቅርቡ አንዱን በመስደቧ የማኅበሩ ሰዎች አስጠንቅቀዋታል። ከደገመች መሰናበቷ ነው።

"ምን እየጻፍሽ ነው የኔ እናት?"

"ምንም፣ እማማ። አንድ አዲስ ሰው ሥራዬን ድብልቅልቁን አወጣው።"

"እስቲ አንብቢልኝ።"

"የኮድ ነገር ነው እኮ፣ አይገባዎትም!"

"ባይገባኝም አንብቢው።"

"የላክኸው ኮድ አይሠራም። ሳትሞክረው..." አለችና ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ "...እባክህ አስተካክለው" ብላ ጨረሰች።

"መሃል ላይ የዋጥሽው ምንድን ነው?"

"እማማ ደግሞ!"

"እኔ ፊት ልትይው ካፈርሽ ለሰው አትላኪው። እሱም እኮ የምትሳሳለት አያት ትኖረዋለች።"

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። "ደደብ" የሚለውን አጥፍታ፣ በቦታው ኮዱ እንዴት እንደሚሞከር አስረድታ ላከችው። ብዙም ሳይቆይ መልስ መጣ፤ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፦ "አመሰግናለሁ፤ አስተካክዬዋለሁ። መጀመሪያ የላክሁት እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር።"

አያትየው እፎይ አሉ። ወዲያው ግን ሌላ ጭንቀት ያዛቸው።

"እጁ የተንቀጠቀጠው ምሳ ሳይበላ ይሆን እንዴ? ጠይቂው እስቲ።"

"እማማ፣ የማኅበሩ ደንብ ላይ እንዲህ የሚል የለም።"

"እንግዲያውስ ይጨመርበት!"