ሰንፔር ወይስ ንጋት

ነቢላ አሰላ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ መሸጥ ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። የአርቦዬው እህል ነጋዴ የኋላሸት አዲስ መኪና ሊገዛ አስቦ ሰንፔርና ንጋት የተባሉትን ሁለት የመኪና ዓይነቶች እንድታወዳድርለት ሲጠይቃት፣ የምታውቀውን ሳትደብቅ ነገረችው። በማግስቱ የሰንፔር አሻሻጭ በእውቀቱ፣ የኋላሸትን አስከትሎ ሱቋ ድረስ መጣ።

«የመኪናችንን ስም የምታጠፊው ማን ልኮሽ ነው?» ብሎ ባንኮኒውን በጡጫው መታው።

ነቢላ ደሟ ፈላ። «ማንም አላከኝም። በከተማው ያሉት ሰንፔርና ንጋት በቁጥር እኩል ናቸው። ዘንድሮ ለሰንፔር አሥራ ሰባት የውሃ ፓምፕ ሸጥኩ፤ ለንጋት አንድ።»

«ሾፌሮቹ አያያዝ ባያውቁስ?»

«ጎርባጣው የኦጎልቾ መንገድ ለሁለቱም አንድ ነው።»

«ውሸታም! ከንጋት ሰዎች ጥቅም አለሽ!»

«ጥቅሜማ ሰንፔር ነው!» ብላ ጮኸች። «ሰው ሁሉ ሰንፔር ቢገዛ ዕቃ የምሸጥለት እኔ አይደለሁም?»

በእውቀቱ፣ «ይህን ሱቅ ባላዘጋው!» ብሎ ዝቶ፣ በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ። የኋላሸት አልተከተለውም።

«ንጋትን እገዛለሁ» አላት።

«እንግዲያው ቶሎ ቶሎ አንገናኝም» አለችው ነቢላ።